ከናቲ ዕድሜ የቀነስናቸው ሁለት ዓመታት

ሰው ሰውን ሲመዝን ማየት የማይወድ ሰው በዚህ ዓለም ላይ የሚያስከፋው ነገር ብዙ ነው። እኔ አንዷ ነኝ። በሠርግ ቤት የሙሽራዋን ወገብ በዓይናቸው የሚለኩ አማቶችን፣ በለቅሶ ቤት የሟቹን ልጆች ጫማ የሚገምቱ ጎረቤቶችን፣ ስደተኛ የሳምባ ራጁን ታቅፎ በር ላይ ሲሰለፍ ቀና ብለው ሳያዩት ወረቀት የሚያገላብጡ ሹማምንትን አርባ ዓመት ስታዘብ ኖሬአለሁ። መጽሐፍም ብዙ አንብቤአለሁ፤ ስለዚህ ነገር የሚያጽናና ቃል ያገኘሁበት ግን የለም። ይህን ያህል ከመረረሽ ለምን ቤትሽ አርፈሽ አትቀመጪም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ተቀምጬ ነበር። ያስነሳኝ እግር ኳስ ነው።

እግር ኳስ ስላችሁ እናንተ የምታውቁትን እንዳይመስላችሁ። ይህኛው አሜሪካኖች እግር ኳስ ብለው የሚጠሩት፣ እግር ኳሱን እምብዛም የማይነካበት፣ ኳሱም ራሱ ክብ ያልሆነ፣ ግዙፍ ግዙፍ ጎረምሶች ቆብ ደፍተው እንደ በሬ የሚዋጉበት ጨዋታ ነው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ከየዩኒቨርሲቲው የወጡትን ተጫዋቾች ስም ይዘው፣ ቡድኖቹ ተራ በተራ እየተነሱ የሚመርጡበት ሦስት ቀን የሚፈጅ ሥርዓት አላቸው። ድራፍት ይሉታል። ድራፍት ሲባል ቢራ ትዝ ያላችሁ ታገሡ፤ ጾሙ አልተፈታም።

ከምርጫው በፊት ልጆቹን በቁምጣ አቁመው ይለኳቸዋል። ቁመት፣ ክብደት፣ የክንድ ርዝመት፣ የመዳፍ ስፋት፣ ሲሮጡ ስንት ሰከንድ፣ ሲዘሉ ስንት ክንድ። አያቴ በሬ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ ጥርሱን ከፍቶ፣ ሻኛውን ዳብሶ፣ ትንሽ አስኪዶት ይወስን ነበር። የሰኮናውን ስፋት በሜትር ሲለካ ግን አላየሁትም። ይህንን ሁሉ ልኬት ደግሞ በዓለም ዙሪያ የተቀመጡ ደጋፊዎች በቃላቸው ይይዙታል፤ ልጁን አንድም ቀን ሳያዩት ‹‹ዳሌው ቶሎ አይዞርም›› ብለው ይፈርዱበታል።

እኔን እዚህ ውስጥ የከተተኝ ናቲ ነው። ናቲ የዘነበች ልጅ ነው። ዘነበች ዴን ሃግ ከተማ፣ ስኪልደርስዋይክ ሰፈር፣ እንደ መሰላል ቀጥ ብሎ በሚወጣ ደረጃ ጫፍ ላይ ትኖራለች፤ በየቤቱ እየዞረች የሆላንድ ሽማግሌዎችን የምታጥብና የምታለብስ የቱስዞርግ ሠራተኛ ናት። ልጇ እዚሁ ሰፈር አድጎ፣ እዚሁ ከተማ ያንን የቆብ ጨዋታ ጀምሮ፣ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ትምህርት ወሰደው። የሚጫወትበት ቦታ ላይንባከር ይባላል። ምን ማለት እንደሆነ ስጠይቅ የተሻለውን መልስ የሰጠኝ የሰፈራችን የኳስ ሊቅ ጋሽ ታደሰ ነው። ‹‹ከግንቡ ኋላ የሚቆም ዘበኛ ማለት ነው። ግንቡን ጥሶ የገባውን ይጥላል።›› ገባኝ። ዘበኛም ይመረጣል ማለት ነው።

አሁን ምስጢሩን ልንገራችሁ፤ ሳታውቁት ብትቀጥሉ ጭንቀቱ አይገባችሁም።

ዘነበች ናቲን በእጇ ይዛ ወደዚህ አገር ስትገባ ልጁ ስድስት ዓመቱ ነበር። እኔ ያኔ ለስደተኞች አስተረጉም ነበር። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። በመጠለያው ውስጥ ‹‹ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያላትን እናት አይመልሱም›› የሚል ወሬ ነበር። ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም፤ መጠለያ ውስጥ ያለ ውኃ የሚበቅል ወሬ ብቻ ነው። ልጁ ካርቱም ላይ ወባ የደቆሰው፣ አንገቱ የእንጨት ስንጥር የሚያህል፣ አራት ዓመቱ ነው ቢሏችሁ የምታምኑት ፍጥረት ነበር። ዘነበች ‹‹እትዬ ውብነሽ፣ አራት ይበሉልኝ›› አለችኝ። ሕጉ እንደ ወሬው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ዓይኗን አየሁት። አራት ብዬ ጻፍኩ።

ልጁ እህል ሲያገኝ ተመዘዘ። ከክፍሉ ልጆች በአንድ ራስ በለጠ። ‹‹አሥራ ሁለት›› ዓመቱ ላይ ጢሙ ሲያቀመቅም አስተማሪው እናቱን ጠርታ ‹‹እናንተ ዘንድ ቶሎ ይጎለምሳሉ አይደል?›› አለቻት፤ ዘነበችም አዎን፣ ፀሐዩ ነው አለች። አሥራ አራት ዓመቱ ነው ብሎ የተቀበለው አሠልጣኝ የአሥራ ስድስት ዓመት ትከሻ አይቶ ተአምር ነው አለ። ተአምሩ የኔ የእጅ ጽሑፍ ነበር።

ያ ምርጫ የሚያልቅበት ሦስተኛው ቀን በዚያ ዓመት ከሁለት ነገር ጋር ተደራርቦ ዋለ፤ ከኛ ቅዳም ሹርና ከሆላንዶች የንጉሥ ልደት ጋር። እኔ ከምኖርበት ከላክ ሰፈር እስከ ዘነበች ቤት ትራሙ ስለተቋረጠ በእግሬ ሄድኩ። ከተማው ሁሉ ብርቱካንማ ለብሶ ይጨፍራል፤ እኔ ነጠላዬን ተከናንቤ በመካከላቸው ሳልፍ አንዱ ሰካራም አጎንብሶ እጅ ነሳኝ። ንግሥቲቱ መስዬው ይሆናል።

የዘነበች ቤት ስገባ ምርጫው ተጀምሯል፤ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ያለፉት ሁለት ቀናት የታላላቆቹ ነበሩ፤ ናቲ ከተጠራ የሚጠራው ዛሬ ነው። ዘነበች ቄጤማውን ግንባሯ ላይ አስራ ምድጃው አጠገብ ትንጎራደዳለች። አክፋይ ናት፤ ከዓርብ ስግደት ወዲህ ውኃ እንኳ በአፏ አልዞረም። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሁላችንም ሮተርዳም ወዳለው ቤተ ክርስቲያን መነሳት አለብን። እዚሁ የተወለደችው ሴት ልጇ ሊያ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ፣ አንድ ዓይኗ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ አንድ ዓይኗ ደጋፊዎች በሚከራከሩበት የኮምፒውተር ገጽ ላይ። ጋሽ ታደሰ ከሶፋው ራስጌ። ሮተርዳም አጠገብ ካለው ከሆግቭሊት ድረስ የመጣው ዳንኤል ከአጠገቡ። ዳንኤል ጴንጤ ነው፤ የዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ ይሠራል፤ በዚያ ላይ አሥር ዓመት ሙሉ የሚሸነፍ የአሜሪካ ቡድን ይደግፋል፤ እምነቱን የምጠራጠርበት ምክንያት የለኝም።

ዳንኤል በዚያ ቤት ሌላም ሥራ ነበረው። የበዓሉ ዶሮ ወጥ ምድጃ ላይ ነው፤ የሠራችው ሴት ግን መቅመስ አትችልም፤ እኛም ጾመኞች ነን። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን ኦርቶዶክሶቹ የጴንጤ ምላስ ያስፈልጋቸዋል። ዘነበች በየግማሽ ሰዓቱ በማንኪያ ታመጣለታለች፤ እሱም ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ቀምሶ ‹‹ጨው››፣ ወይም ‹‹ደህና ነው እህቴ›› ይላል። ሦስተኛው ላይ ጋሽ ታደሰ አልቻለም።

‹‹አንተ ሰውዬ፣ ወጡ ጨው አጥቶ ነው ወይስ አንተ ርቦህ ነው?››

‹‹ጋሼ፣ እኔ የተጠራሁበትን አገልግሎት ነው የምፈጽመው።››

ሳቅን። ከዚያ ክርክሩ ጀመረ። በአራተኛው ዙር ሦስት ላይንባከሮች ተጠሩ፤ ከሦስቱም የናቲ ስም የለም።

‹‹ያ ከደቡብ የመጣው እንዴት ይቀድመዋል?›› ጋሽ ታደሰ ተቆጣ። ‹‹ክንዱ አጭር ነው። በአጭር ክንድ ምን ይይዛል?››

‹‹ይሮጣል ጋሼ። ዘንድሮ የሚፈልጉት የሚሮጥ ነው። ጥንት ነበር በደረቱ የሚገፋ ላይንባከር የሚፈለገው።››

‹‹ናቲ አይሮጥም?››

‹‹ይሮጣል፤ ግን ጉልበቱ አምና ተጎድቶ የለ? አይረሱም እነሱ።››

በዓለም ላይ ብዙ ጉባኤ አይቻለሁ። የሰውን ልጅ ጉልበት እናቱ ባለችበት ቤት እንደዚያ ሲገነጣጥሉት ግን ያን ቀን አየሁ። ዘነበች ማንኪያዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ጾሙ ነው ብለው ሁሉም ተዉአት።

ሊያ በዚህ መካከል ከኮምፒውተሩ ቀና አለች። ‹‹ዋክት፣ ዋክት፣ ቆዩ፣ ስሙ! ስለ ናቲ ነው የሚያወሩት!›› ብላ እየተረጎመች ታነብ ጀመር። አንዱ ደጋፊ ጉልበቱን ይጠላል። ሌላው እጁን ይወዳል። ሦስተኛው ግን እንዲህ ይላል፦ የቀሩት ላይንባከሮች ሁሉ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ይህ ልጅ ገና ሃያ አንድ ነው፤ አጥንቱ አልጠናም፤ ገና ያድጋል፤ ለዕድሜው ሲባል ብቻ ይመረጥ። ከሥሩ ብዙ ሰው ተስማምቶለታል።

‹‹አየህ!›› ጋሽ ታደሰ የዳንኤልን ጭን መታ። ‹‹ዕድሜው! ዕድሜው ነው የሚያወጣው!››

ከበሩ ላይ የማንኪያ ድምፅ ሰማሁ፤ ወለሉ ላይ ወድቋል። ተነስቼ ተከትያት ወጥ ቤት ገባሁ።

‹‹እትዬ፣ እነግረዋለሁ›› አለችኝ።

‹‹ምኑን?››

‹‹ያውቁታል ምኑን። የንስሐ አባቴ ‹ልጁ ሳያውቅ ንስሐሽ ግማሽ ነው› ብለውኛል። በሐሰት ዕድሜ ስሙ ሊጠራ ነው።››

‹‹አንዴ ይጠራና ከዚያ ንገሪው።››

‹‹ከተጠራ በኋላ ከሆነማ ሌብነት ነው እትዬ። ንስሐ የሚሆነው አሁን ከሆነ ነው።››

ያነበብኩትን ሁሉ ጠራሁላት። በሐሰት የተሞላ ቅጽ ዜግነት እንደሚያስነጥቅ ነገርኳት፤ የልጁን ዕድል በገዛ እጇ እንደምትሰብር ነገርኳት፤ እግዚአብሔር የደች ቅጽ እንደማያነብ እንኳ ሳልነግራት አልቀረሁም። በቅጹ ሥር የአስተርጓሚ ፊርማ እንዳለና ፊርማው የኔ እንደሆነ ግን አልጠቀስኩም። እጇን በጉርድ ሸማዋ ጠርጋ ስልኳን አነሳችና ወደ ሳሎን ሄደች።

‹‹ለማን ነው?›› አለ ጋሽ ታደሰ።

‹‹ለናቲ።››

ቤቱ ተነሳ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ቡድኑ ስሙን ከማስጠራቱ በፊት ለልጁ በስልክ ይደውልለታል። ሁላችንም ስልኩ እንዳይያዝ ብለን ሦስት ቀን ሙሉ መልእክት እንኳ አልላክንም። ‹‹ዘነበች፣ እባክሽ!›› ጋሽ ታደሰ በሁለት እጁ ለመናት። ‹‹አሁን ቢደውሉና መስመሩ ተይዞ ቢያገኙት ወደ ሌላው ያልፋሉ!›› ዳንኤል ዓይኑን ጨፍኖ መጸለይ ጀመረ፤ ለየትኛው ወገን እንደሆነ አላወቅኩም። ሊያ ‹‹ማማ፣ ኒት ኑ!›› ብላ እጇን ያዘቻት፤ አሁን አይሆንም ማለቷ ነው። ዘነበች እጇን አስለቀቀች። ለሁለት ቀን ውኃ ያልቀመሰች ሴት ያን ያህል ጉልበት ከየት እንዳመጣች አላውቅም።

ልጁ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳው። የደወለውን ሰው ስም እስኪያነብ ድረስ ልቡ ምን እንዳለ እግዚአብሔር ይወቅ። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል።

‹‹ማማ? ምን ሆንሽ? ታመምሽ?››

‹‹አልታመምኩም። ናቲዬ፣ ሃያ አንድ አይደለህም። ሃያ ሦስት ነህ። ስንገባ ሁለት ዓመት ቀንሼብሃለሁ። ሳይጠሩህ ልንገርህ ብዬ ነው።››

ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰውዬ የሌላ ልጅ ስም ጠርቶ ሕዝቡ ያጨበጭባል። ጋሽ ታደሰ እንደተነሳ ቀርቷል።

‹‹ማማ›› አለ ልጁ፤ ‹‹እኔ እኮ አውቃለሁ።››

‹‹ምኑን?››

‹‹ስድስተኛ ልደቴን አዲስ አበባ አክብረናል። ኬኩ ላይ ስድስት ሻማ ነበር። እዚህ ስንመጣ አራት ነህ አላችሁኝ። መቁጠር እኮ እችል ነበር።››

ሊያ ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረባት። ናቲ ቀጠለ። ጥር ላይ ቡድኖቹ አንድ በአንድ አስገብተው ሲጠይቁት፣ ወረቀቴ ላይ ያለው ልክ አይደለም፣ ሃያ ሦስት ነኝ ብሎ ለሁሉም ነግሯቸዋል። አንዱ ጻፈው። አንዱ ‹‹እሱን ተወው፣ ጉልበትህስ?›› አለው። ደጋፊው ሁሉ ላይ ታች የሚልበትን ዕድሜ መራጮቹ ከሦስት ወር በፊት ሰርዘውታል።

‹‹ለምን አልነገርከኝም?›› አለች ዘነበች።

‹‹አንቺ ምስጢር ይመስልሽ ነበራ። እንዳይከፋሽ።››

ልጁን ከዚያ በፊት አንድ ሺህ ጊዜ ወቅሸዋለሁ። አንቱታ አያውቅም፤ ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫው አይነሳም፤ ፈረንጅ ሆኗል እል ነበር። እውነት መናገርን ከየት እንደተማረ ሳስብ፣ ከእኛ ከሁለታችን አለመሆኑ ብቻ ይታየኛል።

ከዚያ የሆነው የቅዳም ሹር ነገር ነው። ዳንኤል ጉሮሮውን ጠረገና ‹‹እኔም አንድ ዓመት አለችብኝ›› አለ። ጋሽ ታደሰ ወለሉን እያየ ‹‹የኔ አምስት ነው›› አለ።

‹‹ዋክት!›› ሊያ ዘወር አለች። ‹‹አምና ሰባኛ ልደትህን ስናከብር ስንት ነበርክ?››

‹‹ሰባ አምስት።››

‹‹ያንን ሁሉ ዳንስ በሰባ አምስት ዓመትህ ነው የደነስከው?››

ለመጀመሪያ ጊዜ ዘነበችም ሳትቀር ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጮክ ብዬ። ሳቁ ሲበርድ ናቲ ከስልኩ ውስጥ ‹‹ያኔ ማን ነው የጻፈው?›› ብሎ ጠየቀ። ዘነበች ወደ እኔ አላየችም፤ እንዳላየች ግን ሁሉም አየ።

‹‹እኔ ነኝ›› አልኩ።

‹‹ውብነሽ፣ አንቺ ነሽ? ስመጣ ላስተካክለው ነው። ኸሜንተ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ያኔ እንዴት እንደተጻፈ የሚያስረዳ ሰው እፈልጋለሁ።››

ሰባት መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ በሦስት ቀን የምጨርስ ሴት ሌላ ቃል አላገኘሁም። እሄዳለሁ አልኩት። ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ገና በመስኮቱ ላይ ነበረች። የናቲ ስም አልተጠራም። ዘነበች ቴሌቪዥኑን ራሷ አጠፋችና ነጠላዋን ለበሰች፤ ጋሽ ታደሰ ‹‹ሁለት ዙር ይቀራል እኮ!›› እያለ ደረጃውን ወረደ። ደረጃው ላይ ዘነበች እጄን ያዘችኝ። እጇ ከስንት ዓመት በኋላ ሞቅ ብሎ ነበር።

ስሙ በዚያ ምርጫ ሳይጠራ ቀረ። ኋላ አንድ ቡድን ለሙከራ ወሰደው፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አሰናበተው፤ በጉልበቱ ነው አሉ። ዘነበች ‹‹እኔ በመደወሌ ነው?›› ብላ ስትጠይቀው ‹‹አይደለም ማማ፣ ከኔ የሚሻሉ ስለነበሩ ነው›› አላት። እንደዚህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከአንድ ሐበሻ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። አሁን ሮተርዳም ውስጥ ስፖርት ያስተምራል፤ ደጋፊዎቹ ዘንድሮም የሌሎችን ልጆች ክንድ እየለኩ ነው።

ጥቅምት ላይ ኸሜንተ ሄድን። ከአዲስ አበባ የልደት ወረቀቱ መጥቷል፤ የኔ ቃል ሲጨመርበት ጉዳዩ ይታያል ተባልን። ጸሐፊዋ ወጣት ልጅ ናት፤ ትሕትናዋ ያስፈራል። ያኔ የተጻፈው ዕድሜ ትክክል አለመሆኑን እያወቅሁ የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ በገዛ ቋንቋዋ ነገርኳት። ይወስዱኛል ብዬ ነበር። እሷ ግን አንድ ቅጽ አቀረበችልኝ፤ ‹‹ከላይ ስለ ምስክሩ የሚጠይቀውን ይሙሉልኝ።››

ስም። አድራሻ። የትውልድ ዘመን።

እንግዲህ ለእናንተ ብቻ ልናዘዝ። ወደዚህ አገር ያመጣኝ የትምህርት ዕድል ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነውን አይቀበልም ነበር፤ እኔ ሠላሳ ሦስት ነበርኩ። ሃያ ዘጠኝ አልኩ። ማንም የእናት ዓይን አላየኝም፤ ማንም አልለመነኝም፤ ራሴ ጻፍኩት። ጡረታዬንም ስልሳ አምስት እስኪሞላኝ ብዬ ስጠብቅ፣ አራት ዓመት ሙሉ በማይመለከተኝ ዕድሜ በየመጠለያው ስዞር ኖርኩ። መሳቂያ ነው፤ የሚስቅልኝ ግን አልነበረም፤ ለማንም አልተናገርኩማ።

ናቲ በአጠገቤ ቆሟል። ብዕሩን ከጸሐፊዋ እጅ ተቀብሎ የሰጠኝ እሱ ነው። የኔን እውነት ብጽፍ ያለኝ ወረቀት ሁሉ ይናዳል፤ ምስክሯ ራሷ ሐሰተኛ ናት ይሉና የልጁም ጉዳይ ይቆማል። ባልጽፍ ደግሞ... ይህን ሁሉ ያሰብኩት በአንድ ትንፋሽ ነው።

ጻፍኩ። አርባ ዓመት የለመድኩትን ጻፍኩ። የልጁ እውነት በኔ ውሸት ተመሰከረለት።

ጸሐፊዋ ቅጹን ተቀብላ አነበበችና ፈገግ አለች። ‹‹ሰባ ሁለት ዓመትዎ ነው? ለዕድሜዎ የእጅ ጽሑፍዎ እንዴት ያምራል!››

አመሰገንኳት።